የባቲ ዶቃና የሰኞ ብርሃን

ባቲ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚያሽቆለቁልበት ጠርዝ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የሙዚቃ ሰዎች ስሟን ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር በሚቆጠረው ቅኝት ሲያውቁት፣ የንግድ ሰዎች ግን የሚያውቋት በሰኞ ገበያዋ ነው። በዚህ ዕለት አፋሮች ግመልና ፍየል፣ ቅቤና ጨው ይዘው ከቆላ ይወጣሉ፤ የኦሮሞና የአማራ ገበሬዎች እህላቸውን ጭነው ከየአካባቢያቸው ይመጣሉ፤ በአንድ ሜዳ ላይም ሦስት ቋንቋ ሲነገር ይውላል። ስለዚህ ገበያ የጻፉ ተጓዦች አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት በግመል ተራው ላይ ነው፤ ካሜራ የያዘውም እንዲሁ። ሆኖም የገበያው ትንሹ ዕቃ፣ ማለትም በክር ተሰክቶ በሴቶች አንገት ላይ የሚውለው ወይም በጉልት ሻጮች ፊት በሸራ ላይ የሚዘረጋው የብርጭቆ ዶቃ፣ ፎቶ ለማንሳት ከግመሉ እጅግ የሚከብድ፣ በጥሞና ለተመለከተውም ከግመሉ ይልቅ ብዙ ነገር የሚናገር ነው።

ዶቃ ሲባል መሐሉ የተበሳ፣ ክር የሚገባበት ማንኛውም ትንሽ ጌጥ ነው፤ ከብርጭቆ፣ ከሸክላ፣ ከብር፣ ከአጥንት ወይም ከሙጫ ሊሠራ ይችላል። ከብርጭቆ የተሠራው ደቃቅና ባለቀለም ዓይነት በተለምዶ ጨሌ ይባላል፤ ዶቃዎች ተሰክተው የአንገት ጌጥ ሲሆኑ ደግሞ ድሪ ይሆናሉ። በባቲና በአካባቢዋ ብርጭቆ የሚያቀልጥ ባለሙያ ስላልነበረ በእጅ የተሠራ የብርጭቆ ዕቃ እዚህ መፈለግ መጀመሪያ ላይ ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ድሪ ላይ ሦስት እጆች ሥራቸውን ትተዋል፤ አንደኛው በባሕር ማዶ እሳት ፊት ቆሞ ዶቃውን የሠራው ሰው እጅ ነው፤ ሁለተኛው ዶቃዎቹን መርጦ፣ አሰባጥሮና ቋጥሮ ድሪ ያደረገው እጅ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ለዓመታት አድርጎ፣ በቅቤና በላብ አርሶ፣ ጠርዙን ያለዘበው የባለቤቱ አንገትና እጅ ነው። በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ከእነዚህ ሦስት ምልክቶች አንዱንም ሳያጠፋ ዶቃውን በምስል ማስቀረት ይችል እንደሆነ መመርመር ለጉዞው በቂ ምክንያት ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማ በር ዋሻ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ በሰንበቴና የዞኑ ርእሰ ከተማ በሆነችው በከሚሴ አድርጎ፣ የጨፋን ረግረግና የግጦሽ ሜዳ በጎን እያየ በሐርቡ በኩል ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ ለማገናኘት በሠራው መንገድ መስመር ወደ ባቲ ይታጠፋል። የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ገበያ ሰኞ መዋሉ ለመንገደኛው ትልቅ ዕድል ነው፤ በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሮ በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለቱንም ሊያይ ይችላል፤ እሑድ ያየውንም ዶቃ ሰኞ ከሚያየው ጋር ሊያመዛዝን ይችላል። ገንዘቡን የሚቆጥብ ሰው ለካሜራ ዕቃ ከሚያወጣው ይልቅ ለአንዲት ተጨማሪ የአልጋ ሌሊት ቢያወጣ ያተርፋል፤ እሑድ ማታ ባቲ ያደረ ሰው ሰኞ ማለዳ ሻጮቹ ሸራቸውን ሲዘረጉ ይደርሳል፣ ማለዳ ከኮምቦልቻ የተነሣው ግን ፀሐይ ከከረረች በኋላ ይገባል።

የፀሐዩ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ባቲ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ አጋማሽ ገደማና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር ልክ በአናቷ ላይ ትውላለች፤ በሌሎቹም ብዙ ወራት ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ብርሃን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ጥላውን ጥቁር፣ ነጸብራቁን ነጭ ነጥብ የሚያደርግ ነው። ችግሩ ገበያውም የሚደራው በዚሁ ሰዓት መሆኑ ነው፤ ለፎቶ የሚመቸው የማለዳ ብርሃን ሻጭ ሳይሟላ ያልፋል፤ ገበያው ሲሞላ ደግሞ ብርሃኑ ይበላሻል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው ጥላ ነው። ጥላ ሲባል ግን የትኛውም ጥላ አይደለም። በባቲ ገበያ ሻጩ ራሱን ከፀሐይ የሚከልለው ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ወይም በብርቱካንማ ሸራ ነው፤ በሸራው ሥር የሚያልፈው ብርሃንም የሸራውን ቀለም ይዞ ስለሚወርድ ነጩ ዶቃ ሰማያዊ፣ ቀዩ ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል። ፎቶው የሚነሣበት ስልክ ነጭን ነጭ አድርጎ ለማሳየት የሚያደርገው ማስተካከያ፣ ማለትም ዋይት ባላንስ የሚባለው፣ ይህን የቀለም ጉድለት ሙሉ በሙሉ ሊያቃና አይችልም። ስለዚህ የሚፈለገው ጥላ የግንብ ወይም የጭቃ ግድግዳ ጥላ፣ ፊቱም ለሰማይ የተከፈተ ነው፤ እዚያ ብርሃኑ ለስላሳ፣ ቀለሙም ሳይሸራረፍ ይቀርባል። ከዶቃው አጠገብ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀምጦ አንድ ጊዜ ማንሳት ደግሞ በኋላ ቀለሙን ለማረም ማጣቀሻ ይሆናል።

ብርጭቆ ለዓይንም ለሌንስም የሚያስቸግረው ራሱ እምብዛም የማይታይ ነገር በመሆኑ ነው። በቁርኣን በአን-ነምል ምዕራፍ የተነገረው የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ንግሥቲቱ የሰሎሞንን ቤተ መንግሥት የብርጭቆ ወለል ውኃ መስሏት ልብሷን እንደ ሰበሰበች የሚያወሳው፣ ይህን ጠባይ ከፊዚክስ መጻሕፍት ቀድሞ ያስተዋለ ነው፤ ባቲ ውስጥ ታሪኩን የማያውቅ ሽማግሌ ማግኘትም ያስቸግራል። ሳይንሱ የሚለው እንዲህ ነው፤ ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሚቀንስ አቅጣጫው ይታጠፋል፣ ፊት ለፊት ከመጣው ብርሃን ደግሞ አራት በመቶ ያህሉ ብቻ ከገጹ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ስለዚህ በግልጽ ብርጭቆ ፎቶ ላይ የሚታየው ብርጭቆው ሳይሆን ከኋላው ያለው ታጥፎ፣ ከፊቱ ያለው ተንጸባርቆ ነው። ይህ ለድኻ ፎቶ አንሺ መልካም ዜና ነው፤ ብርጭቆን ማንሳት ማለት በብርጭቆው ዙሪያ ያለውን ነጭና ጥቁር ማደራጀት ከሆነ፣ ነጭና ጥቁር ደግሞ በባቲ ገበያ ውስጥ በጥቂት ብር የሚገኝ ነገር ነው።

ለዚህ ሥራ የስቱዲዮ ሰዎች ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ከዕቃው ኋላ ብሩህ ነጭ ገጽ አድርጎ ዙሪያውን ማጨለም ነው፤ ያን ጊዜ የብርጭቆው መሐል ነጭ ሆኖ፣ ጠርዙ በጎን ያለውን ጨለማ አጥፎ ስለሚያሳይ፣ በጥቁር መስመር ተከቦ ይወጣል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ተደርጎ ብርሃኑ ከጨርቁ ጎንና ጎን ሲመጣ መሐሉ ጨልሞ ጠርዙ ያበራል። ሁለቱንም በአንድ የሳሙና ወይም የብስኩት ካርቶን መሥራት ይቻላል። የካርቶኑ የኋላ ግድግዳ በቢላ ይከፈትና ክፍተቱ በነጭ ወረቀት ወይም በነጠላ ይሸፈናል፤ የነጠላ ፈትል የፀሐይን ብርሃን በትኖ የሚያለሰልስ በመሆኑ በፎቶ መደብር በውድ ከሚሸጠው የብርሃን ማለስለሻ ጨርቅ የሚያንስበት ነገር የለም። የካርቶኑ ክፍት ጀርባ ወደ ፀሐይ ሲዞር የመጀመሪያው መንገድ ይሆናል፤ በነጠላው መሐል ላይ ከጠርዝ ትንሽ ብርሃን የሚያስተርፍ ጥቁር ወረቀት ሲለጠፍበት ደግሞ ሁለተኛው ይሆናል። ጣሪያውን በነጭ ወረቀት መሸፈን፣ ጎኖቹን በከሰል ማጥቆር፣ ስልኩንም በማሽላ በተሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ አስደግፎ በሰዓት ቆጣሪ ማንሳት ከተጨመረበት፣ የሥራ ክፍሉ ተሟላ ማለት ነው። የባቲ ቆላ ማሽላ አምራች ስለሆነ ለከረጢቱ የሚሆነውን ማሽላ ከዚያው ከእህል ተራው መሸመት ይቻላል፤ ማታም ተቀቅሎ ሊበላ ይችላል፤ የካሜራ መቆሚያ ግን አይበላም።

ስልኩን በተመለከተ ሦስት ነገር ከታወቀ ይበቃል። ስልክ በራሱ ሲተው ከፊቱ ያለውን ትዕይንት በአማካይ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር፣ ነጭ መደብ ሲያይ ፎቶውን ያጨልማል፣ ጥቁር ሲያይ ያነጣዋል፤ ስለዚህ ዶቃው ላይ በጣት ተጭኖ ትኩረቱንና የብርሃኑን መጠን መቆለፍ፣ ከዚያ ለነጭ መደብ ጨመር፣ ለጥቁር ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ስልክ በጣም ከቀረበ ትኩረት ስለሚያጣ ትንሽ ርቆ መሐሉን ቆርጦ ማስቀረት ወይም የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር በሌንሱ ፊት መያዝ ይሻላል። የስልኩ መብራት ደግሞ ፈጽሞ መጥፋት አለበት፤ በድቡልቡል ብርጭቆ ላይ የሚተወው ነጭ ነጥብ ዶቃ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲመስል ያደርጋል።

በባቲ ከሚታየው ዶቃ ብዙው ግን ብርሃን የማያሳልፍ ነው። የዚህ ችግር ከግልጹ ይለያል፤ ድቡልቡልና አንጸባራቂ ገጽ ሰማዩን፣ ግድግዳውን፣ ሻጯንና ፎቶ አንሺውን ራሱን አሳንሶ የሚያሳይ መስታወት ይሆናል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በእያንዳንዱ ዶቃ ላይ ሸሚዙን አትሞ ይመለሳል፤ በመሆኑም ለዚህ ሥራ ጥቁር ልብስ መልበስ ከሌንስ መግዛት ይቀድማል። የነጸብራቁን ክፉነት ለመቀነስ በመንገድ ዳር ከሚሸጡት የፀሐይ መነጽሮች መካከል ፖላራይዝድ የሚባለውን፣ ማለትም ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲርገበገብ የሚያሳልፈውን ዓይነት፣ በስልኩ ሌንስ ፊት አድርጎ ማዞር ይረዳል። ከብርጭቆ ገጽ ላይ በ34 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ የሚነሣ ነጸብራቅ በዚህ መንገድ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ዶቃ ክብ ስለሆነና በየነጥቡ ያለው ማዕዘን ስለሚለያይ የሚጠፋው ከፊሉ ብቻ ነው። ደግሞም ሁሉንም ማጥፋት አይገባም፤ ነጸብራቅ የሌለው ብርጭቆ ፕላስቲክ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባቲ ድረስ መሄድ ባላስፈለገ። የተሳካ የዶቃ ፎቶ የሚያሳየው ዶቃው እንዴት እንደ ተሠራ ነው። የአውሮፓ ዶቃ ሠሪዎች በዋናነት በሦስት መንገድ ሠርተዋል፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ጠባሳ ትተዋል። በመጀመሪያው መንገድ የብርጭቆ ዘንግ ጫፍ በእሳት ነበልባል ቀልጦ በብረት ሽቦ ላይ እየዞረ ይጠመጠማል፤ በዚህ መንገድ በተሠራ ዶቃ ውስጥ የታፈኑት የአየር አረፋዎችና የቀለም ጅረቶች በቀዳዳው ዙሪያ ይዞራሉ። በሁለተኛው መንገድ አየር የተነፋበት የቀለጠ ብርጭቆ በሁለት ሠራተኞች ተይዞ፣ ሠራተኞቹ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ በፍጥነት እየራቁ ሲሄዱ እንደ ረጅም ቱቦ ይሳባል፤ ቱቦው ተቆራርጦ ጠርዙ ዳግም በሙቀት ይለዝባል፤ የዚህ ዓይነቱ ዶቃ አረፋና ጅረት ከቀዳዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ይሮጣል። ሦስተኛው መንገድ የለሰለሰውን ዘንግ በቅርጽ ማውጫ ጉጠት መጭመቅ ሲሆን፣ የጉጠቱ ሁለት መንጋጋዎች የተገናኙበት ቦታ ቀጭን ስፌት መሳይ መስመር ይተዋል። በመሳብ ሥራ የቬኒስዋ ሙራኖ ደሴት፣ በመጭመቅ ሥራ ደግሞ ጀርመኖች ጋብሎንዝ ይሏት የነበረችው የቦሄሚያዋ ያብሎኔጽ ከተማ የታወቁ ናቸው፤ በያብሎኔጽ ዙሪያ ሥራው ለብዙ ዘመን በገበሬዎች ቤትና ጓዳ ሲሠራ የኖረ የእጅ ሥራ ነበር። ከእነዚህ ጋር የሚምታታ አራተኛ ዓይነትም አለ፤ ሪቻርድ ፕሮሰር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840 የሸክላ ዱቄትን በመጭመቅ አዝራር ለመሥራት የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ፣ ፈረንሳዊው ባፕቴሮስ በብሪያር ከተማ ዘዴውን ወደ ዶቃ አዙሮታል። ይህኛው ከሩቅ ብርጭቆ ቢመስልም ወገቡ ላይ ሻካራ ቀበቶ አለው፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ቀበቶው ወዲያው ይታያል፤ ከፊት ለፊት በመጣ ብርሃን ግን አይለይም።

ውጪው ቀይ፣ ውስጡ ነጭ የሆነው ዶቃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥልቅ ቀይ ብርጭቆ በቀደመው ዘመን በወርቅ ይቀለም ስለነበር ውድ ነበር፤ ሠሪዎቹም ወጪ ለመቆጠብ ርካሹን ነጭ ብርጭቆ በስስ ቀይ ሽፋን ጠቀለሉት፤ ነጩ እምብርት ደግሞ ብርሃኑን መልሶ እየላከ ቀዩን አደመቀው። በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ፎቶ አንሺ የሚያነሳው ዕቃ ራሱ የወጪ ቁጠባ ውጤት መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው። ይህን ዶቃ ከጎኑ ብቻ ያነሳ ሰው ተራ ቀይ ዶቃ ይዞ ይመለሳል፤ ነጩ የሚታየው ቀዳዳው ወደ ሌንስ ሲዞር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዶቃ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከቀዳዳው በኩል መነሣት አለበት።

ከባሕር ማዶ ብርጭቆ ወደዚህ አገር መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ብዙ ዓይነት ብርጭቆና በግብጽ የተሠራ አስመሳይ የከበረ ድንጋይ ይጠቅሳል፤ ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአክሱም ባካሄዷቸው ቁፋሮዎችም የብርጭቆ ዕቃ ስብርባሪና ዶቃ ከመቃብሮቹ ወጥቷል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ዶቃ ከጨርቅና ከመዳብ ጋር እየገባ ወደ ደጋው ገበያዎች ይወጣ ነበር። ባቲ በዚህ የቆላና የደጋ መተላለፊያ አፍ ላይ መቀመጧ የዶቃ ክምችቷን ያብራራል። የምዕራብ አፍሪካው ታሪክ በአንጻሩ ሌላ ነው፤ በናይጄሪያ ኢፌ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ብርጭቆ ከአሸዋው ተነሥቶ በአገሬው እጅ ይሠራ ነበር፣ በጋና ክሮቦዎች ደግሞ እስከ ዛሬ ጠርሙስ ፈጭተው በሸክላ ቅርጽ ውስጥ በማቅለጥ ዶቃ ያወጣሉ። ወሎ ብርጭቆ አላቀለጠም፤ ጥበቡን ያዋለው በመሰካቱ ላይ ነው።

ፎቶ አንሺዎች ብዙ የሚያጠፉትም እዚህ ላይ ነው። አንዱን ዶቃ ከክሩ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በጥቁር መደብ ላይ ብቻውን አስቀምጦ ማንሳት ለዓይን የሚማርክ ምስል ይሰጣል፤ ሥራው ግን ከሦስቱ እጆች የሁለቱን ምስክርነት ይደመስሳል። ዶቃዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደ ተሰኩ፣ በየትኛው ቀለም መካከል የትኛው የብር ፈርጥ እንደ ገባ፣ ክሩ የጥጥ ይሁን የናይለን፣ ቋጠሮው ስንት ጊዜ እንደ ተጠገነ በመጽሐፍ ያልተጻፈ የሴቶች ዕውቀት ነው፤ ክሩ አንድ ጊዜ ከተፈታ ያንን መልሶ የሚነግር የለም። ቅቤውና አቧራውም ቆሻሻ ብቻ አይደለም። በቀዳዳው ዙሪያ የተጠራቀመው ጥቁር ድድር፣ ዶቃ ከዶቃ ሲፋተግ የሟሸሸው ጫፍ፣ ጌጡ በመደብር መደርደሪያ ሳይሆን በሰው አካል ላይ ዘመኑን እንደ ፈጸመ ያሳያሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ድሪው በአንገት ላይ እንዳለ፣ ቀጥሎ ሳይፈታ በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ፣ በመጨረሻ ብቻ፣ ክሩ ሳይነካ፣ አንድ ዶቃ በቅርብ ይነሣል። የፊተኛው ፎቶ ቢቀር የሚጎዳው ታሪክ ነው፤ የኋለኛው ቢቀር ግን የሚጎዳው ውበት ብቻ ነው።

ዶቃን ለማሳየት ሲባል በሥርዓት መደርደር ከፎቶም የቀደመ ጥበብ ነው። የአውሮፓ ነጋዴዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናሙናዎቻቸውን በካርቶን ላይ በረድፍ እየሰፉ ለገዢ ይልኩ ነበር፤ ሌቪን የተባለው የለንደን ዶቃ ነጋዴ የተወው የናሙና ሰሌዳ በብሪቲሽ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። የእነዚህ ሰሌዳዎች ጥቅም መጠንና ቀለም በአንድ እይታ እንዲነጻጸሩ ማድረጋቸው ሲሆን፣ ጉድለታቸው ዶቃው ያለ ክር፣ ያለ አንገት መታየቱ ነው። የዛሬ ፎቶ አንሺ ጥቅሙን ለመውሰድ ከፈለገ መለኪያ ያስፈልገዋል፤ ማስመሪያ ከሌለው በዚያው በባቲ ከብር ጌጥ ሻጮች ዘንድ ጠገራ ብር ሊያገኝ ይችላል። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ይህ የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከድሪው አጠገብ ሲቀመጥ የዶቃውን መጠን በምስሉ ላይ ለማስላት ያስችላል፤ ለብዙ ዘመን ዶቃም ከብትም የተገዛበት መሆኑ ደግሞ ከፕላስቲክ ማስመሪያ ይልቅ ለቦታው የተገባ ያደርገዋል። ብሩ ብርሃኑን እንዳያሳብድ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

የወሎ የፎቶግራፍ ታሪክ ራሱ ከብርጭቆ ጋር የተያያዘ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው የመሐንዲሶች ፎቶ ቡድን የሠራው በእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ ነበር፤ ይህም የብርጭቆ ሰሌዳን ብርሃን በሚይዝ ፈሳሽ ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ ሳይደርቅ በድንኳን ጨለማ ውስጥ ማጠብን የሚጠይቅ ነው። ሣጥን ሙሉ ብርጭቆ በእንስሳ ጀርባ ገደል ለገደል ይጓዝ ነበር። በዚያው ዓመት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በእንግሊዝ አገር ያነሳቻቸው ከመቅደላ የተወሰደው የልዑል ዓለማየሁ ምስሎችም በተመሳሳይ የብርጭቆ ሰሌዳ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ሁሉም ነገር በኪስ በሚገባ ስልክ ሲሆን የቀለለው ሸክሙ እንጂ ፈቃድ የመጠየቁ ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ማንሳቱ ቀላል በሆነ መጠን ሰዎች ሳያውቁ መነሣታቸው በዝቷል።

በባቲ ፈቃድ ለመጠየቅ አንዳንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ድሪ ያደረገች እናት ዘንድ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ለእስላም ቤተሰብ አሰላሙ አለይኩም፣ ቀጥሎ ጤናና የዝናብ ወሬ፣ ከዚያ በአንቱታ ጥያቄ ይቀርባል፤ ወሎ በአንቱታ የታወቀ አገር ነውና በአንቺ የጀመረ እንግዳ ነገሩን ገና ከጅምሩ ያበላሻል። ድሪ በአንገት ላይ ሲነሣ የሰው አካልም ስለሚነሣ፣ ባለቤቷ ፊቷ እንዳይታይ ብትፈልግ ከአገጭ በታች ብቻ ማንሳት ይበቃል፤ እምቢ ካለችም በሸራ ላይ ያለው የሻጮቹ ዶቃ አለ። ጨሌ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ከዛር እምነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ አንዳንድ ሰው ሌላ ሰው እንዲነካበት እንኳ የማይፈልገው ጨሌ ሊኖረው ይችላል፤ ምክንያቱን መጠየቅም ማስረዘምም አይገባም። ለፎቶ ገንዘብ መስጠት ልማድ በሆነበት ቦታ ከክፍያው ይልቅ የሚከብረው የታተመ ፎቶ ነው፤ በኮምቦልቻ ፎቶ ቤት ታትሞ በሚቀጥለው ሰኞ በሻጭ ጎረቤት በኩል የሚደርስ አንድ ምስል ለሚቀጥለው መንገደኛ በር ይከፍታል። ከምስሉ ጋር የሚቀመጠው ማስታወሻ ደግሞ ገበያውንና ዕለቱን፣ በዓይን የታየውንና በሻጩ አፍ የተነገረውን ለየብቻ መያዝ አለበት፤ «የቅድመ አያት ዕቃ ነው» የሚለው ቃል የሻጭ ቃል እንጂ የዶቃው ዕድሜ አይደለምና።

በተለይ በወሎ ሴቶች ዘንድ የተከበረው አምበር የሚባለው ትልቅ ቢጫ ዶቃ ይህን ጥንቃቄ ይሻል። አምበር ከጥንት ዛፎች የወጣና በሚሊዮኖች ዓመታት የደደረ ሙጫ ነው፤ ኮፓል የሚባለው ደግሞ ገና ያልጠና ሙጫ ነው፤ በአፍሪካ ገበያዎች በአምበር ስም ከሚዞረው ብዙው ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ፋብሪካዎች የተሠራ ፌኖሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። ሻጮች በጋለ መርፌ ወግተው በሽታው ይለያሉ፤ የሰው ጌጥ ላይ ግን ይህን ማድረግ ነውር ነው። ፎቶም በተራ ብርሃን አይለየውም። የሚለየው ሱቆች ሐሰተኛ የብር ኖት ለመለየት የሚጠቀሙባት፣ ከሐምራዊ በላይ ያለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን የምትረጭ ትንሽ የእጅ ባትሪ ናት። በጨለማ ውስጥ ስትበራ አምበርና ኮፓል ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴያማ ቢጫ ይፈካሉ፣ ፌኖሊኩ ግን ደብዝዞ ይቀራል። ለዚህም ያው ካርቶን አፉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ለስልኩ ሌንስ ትንሽ ቀዳዳ ተትቶለት ያገለግላል፤ ማስታወሻው ላይ ግን ቀለሙ የቀን ቀለም አለመሆኑ መጻፍ አለበት።

ይኸው ባትሪ የቦሄሚያ ብርጭቆንም አንድ ምስጢር ያወጣል። የቦሄሚያ ብርጭቆ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ጥቂት ዩራኒየም በማደባለቅ ቢጫና አረንጓዴ ብርጭቆ ይሠሩ ነበር፤ ከዚህ ብርጭቆ የተሠራ ዶቃም ወደ አፍሪካ ተልኳል። ዶቃው በቀን ብርሃን የደበዘዘ ቢጫ ነው፤ በባትሪዋ ሥር ግን እንደ አብሪ ትል ደማቅ አረንጓዴ ያበራል። በሸራ ላይ ከተዘረጉት ቢጫ ዶቃዎች መካከል እንዲህ ያለውን ለመፈለግ ባትሪዋን ያወጣ መንገደኛ ሁለት ነገር ቢያስብ መልካም ነው፤ ዓይኑን ወደ መብራቷ እንዳያቀና፣ ዶቃውን ለመግዛት ካሰበም ባትሪዋን ከማብራቱ በፊት ዋጋውን እንዲጨርስ፤ የሚያበራ ዶቃ ያየች የባቲ ነጋዴ በመጀመሪያው ዋጋዋ አትጸናምና።